የታሪክ ክበብ፦ ጠመንጃ የያዙት የፈርዖን ወታደሮች

ዘንድሮ የታሪክ ክበባችን አንድ ሥራ ብቻ ይዞ ነው የከረመው፤ በጣና ሐይቅ ዳር፣ ዘጌ ላይ ያለውን የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ታሪክ መጻፍ። ልጆቹ በሁለት ሳምንት ከኢንተርኔት ገልብጠው ከች አሉ። ሁሉም ጽሑፍ ላይ «በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሣሉ ሥዕሎች» የሚል አለ። እኔም ዝም አልኩ። ጥር ላይ ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻገርን።

ከጀልባው ወርደን ዳገቱን የወጣነው በቡና ጫካ ውስጥ ነው። ዘጌ በበሬ አይታረስም። የአገሩ ሰው ይህን ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል፤ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ከእሳቸው በትር የበቀሉ ናቸው ይላል። የገዳሙን ምሥረታ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጋር የሚያገናኘውም የእሳቸው ታሪክ ነው።

በር ላይ ጫማ አወለቅን። የእኔ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ኖሯል፤ ልጆቹ ከሥዕሉ በፊት እሱን አዩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ሥዕሎቹ ያሉት የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው፤ በጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው። ከ9ኛ ክፍል የመጣች አንዲት ልጅ ቀይ ባሕር ሲከፈል የሚያሳየው ሥዕል ፊት ተገትራ ቀረች። «ቲቸር፣ የፈርዖን ወታደሮች ጠመንጃ ይዘዋል እኮ!» እውነትም ይዘዋል። በአገራችን ጠመንጃ እየታወቀ የመጣው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ታዲያ ሥዕሉ እንዴት የ14ኛው ይሆናል? ሥዕሎቹ የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ሠዓሊው ፈርዖንን ያስታጠቀው በዘመኑ ያየውን መሣሪያ ነው። ገዳሙ ሌላ፣ ሥዕሉ ሌላ ዕድሜ እንዳለው ልጆቹ ያን ቀን በገዛ ዓይናቸው አዩ። እኔ ክፍል ውስጥ ብለፈልፍ ይህን ያህል አይገባቸውም ነበር።

የሰው በላው የበላዔ ሰብእ ነፍስ በሚዛን ስትመዘን የሚያሳየው ሥዕል ጋ ደግሞ ክርክር ተነሣ። በሚዛኑ በአንድ ወገን የበላቸው 78 ሰዎች፣ በሌላው በእመቤታችን ስም የሰጠው ጥርኝ ውሃ፤ ውሃው ያመዝንና ይማራል። «ፍርዱ ፌር አይደለም» ያለ ልጅ አለ። አስጎብኚያችን የነበሩት አባት ሳቁና ስለ ኪዳነ ምሕረት ቃል ኪዳን ረዘም አድርገው ነገሩን። ወርቅ የሆነ ንግግር ነበር። ግን ስልኩን የያዘው ልጅ መቅጃውን አልተጫነውም!

የቀረውን ዓመት ያሳለፍነው የሰማነውን ከየትዝታችን እየለቀምን፣ ጽሑፉንም እያረምን ነው። አሁን ቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ ተለጥፏል፤ «14ኛው» የሚለው በቀይ እንደተሰረዘ ይታያል። ሆን ብለን ነው የተውነው።

የከርሞ ምዝገባ መስከረም ላይ ነው። ነጠላና ያልተቀደደ ካልሲ ይዛችሁ ኑ።