ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦ ዱአውን የት ጣሉት?

የምጽፈው ከደሴ ሆጤ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ላይ የተሠራውን ተከታታይ ድራማ እኔና እናቴ ቡና አፍልተን ነው የምንጠብቀው። እናቴ በኦሮምኛ አፏን የፈታች የከሚሴ ልጅ ናት። ባለፈው ክፍል አንድ ሽማግሌ ዘማቾቹን በኦሮምኛ ሲመርቁ፣ ለዝናቡም ለከብቱም ለልጁም ረጅም ዱአ አደረጉ። ከሥር የወጣው ጽሑፍ «በሰላም ተመለሱ» ብቻ! እናቴ ስኒዋን አስቀምጣ «ያን ሁሉ የት ጣሉት?» አለችኝ። ምን ልበላት?

አማርኛ ብቻ የሚችለው ጎረቤታችንማ ያቺንም አላገኛት። ነጭ ፊደል በነጭ ጋቢ ላይ፣ ደግሞም ሳይነበብ ይጠፋል።

ስንቅ በሚሰናዳበት ጓዳ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ቆሞ አይቻለሁ። እንስራና ቅል ወሎ ውስጥ ጠፍቶ ነው? ከሁሉ የከነከነኝ ግን የደሴ ድብደባ ነው። በኅዳር 1928 ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ሳሉ ከተማዋ በአውሮፕላን ስትደበደብ፣ ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ድራማው በአንድ ጭስ አለፈው።

እባካችሁ ለሠሪዎቹ አድርሱልን፦ ፊደሉ ይተልቅ፣ ከጀርባው ጥቁር ይደረግበት፤ ኦሮምኛውንም የሚያውቅ ሰው ሙሉውን ይተርጉመው።

አንድ ተመልካች፣ ከደሴ