ስለ ቆዳ ካንሰር ስትጽፉ ውስጥ እግርን አትርሱት

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በጤና ገጻችሁ ላይ ስለ ቆዳ ካንሰር ያወጣችሁትን ጽሑፍ እህቴ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ጥሩ ጽሑፍ ነው። በተለይ አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ከፀሐይ መጠበቅ እንዳለባቸው የጻፋችሁት በጣም ተገቢ ነው። ለእነሱ ፀሐይ የምር አደጋ ናት። መጨረሻው ላይ ግን ጥቁር ቆዳ ያለውን ሰው ይህ በሽታ ብዙም እንደማያሰጋው ጽፋችኋል። ብዕር ያስነሳኝ እሱ ነው። ያንን ያነበበ ሰው ገጹን ገልብጦ ወደ ስፖርቱ ይሄዳል፤ እግሩን አያይም።

የምኖረው ጃፓን፣ ናጋኖ ግዛት፣ ማትሱሞቶ ከተማ ነው። ባለቤቴ የዚሁ አገር ሰው ነው። ጃፓኖች ሜላኖማ የሚባለው ክፉ የቆዳ ካንሰር እምብዛም አይዛቸውም። በዓመት ከ100,000 ሰው አንድ ወይም ሁለት ሰው ቢይዝ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ከ30 በላይ ነው። እንግዲህ የጃፓን ሐኪሞችም «የነጭ በሽታ ነው» ብለው ሊተዉት ይችሉ ነበር። አልተዉትም። የያዛቸውን ጥቂት ሰዎች ቀረብ ብለው ሲያዩ፣ በሽታው የሚወጣበት ቦታ ሌላ ሆኖ አገኙት። ነጮች ላይ ብዙ ጊዜ ጀርባና ባት ላይ ይወጣል። ጃፓኖች ላይ ግን ከ100 ታማሚ ወደ 40 የሚሆኑት የሚታመሙት ውስጥ እግራቸው፣ መዳፋቸው ወይም ጥፍራቸው ስር ነው። ነጮች ላይ ይኼኛው ዓይነት ከ100 ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው።

ውስጥ እግር ደግሞ ፀሐይ አያገኘውም። ስለዚህ ቆዳ ጠቆረም ቀላም ለዚህኛው ዓይነት መከላከያ አይሆንም። እኛም ጋ ነገሩ ያው ነው። ጥቁር ሰው ሜላኖማ ሲይዘው በብዛት የሚይዘው እዚያው እግሩ ላይ ነው። ቦብ ማርሌን የማያውቅ የለም። በ1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ የሞተው ከእግር ጣቱ ጥፍር ስር በተነሳ ሜላኖማ ነው። ሻሸመኔ ላይ በየግድግዳው ፊቱን እናያለን፤ በምን እንደሞተ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

እኔም ይህን ሁሉ ያወቅኩት በአማቴ ምክንያት ነው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአፕል እርሻ ላይ የሠሩ ሴት ናቸው። ጉልበታቸው አልታጠፍ ስላላቸው እግራቸውን የማጥበው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ በጣም ያፍሩ ነበር። እኔ ደግሞ የአያቴን እግር እያጠብኩ ያደግኩ ነኝ፤ አልተውኳቸውም። አንድ ቀን ታዲያ ተረከዛቸው ላይ ጠቆር ያለ ነገር አየሁ። ጫፉ ወጣ ገባ ይላል። አንዱ ጎን ቡናማ፣ ሌላው ጎን ጥቁር ነው። «ቦት ጫማው ነክሶኝ ደም ረግቶ ነው» አሉኝ። የረጋ ደም ግን እያደር ይለቃል። ይኼ አልለቀቀም።

የሰፈራችን የቆዳ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ተረከዛቸው ላይ ጄል ቀብቶ ደርሞስኮፕ የሚባለውን መሣሪያ አስጠጋ። የሚያበራ ማጉያ መነጽር ነው፤ ቆዳ አይቆርጥም፣ አያምም። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረልን። ውስጥ እግራችን ላይ እንደ ጣት አሻራ ያሉ መስመሮች አሉ አይደል? ተልቀው ሲታዩ ልክ የታረሰ ማሳ ይመስላሉ፤ ትልም አለ፣ በትልሞቹ መካከል ደግሞ ከፍ ያለ መደብ አለ። መደቡ ላይ ነጫጭ ነጥቦች በሰልፍ ተደርድረዋል። ላብ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። የአማቴ ጥቁረት ትልሙን ትቶ መደቡን ይዞ ይሄድ ነበር። ሐኪሙ በእስክሪብቶው ጫፍ እያሳየ «ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ቀለሙ ትልሙ ውስጥ ነበር የሚተኛው» አለን።

ይህን ልዩነት ለዓለም ያስተማሩት እዚሁ ማትሱሞቶ ባለው የሺንሹ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፕሮፌሰር ቶሺያኪ ሳይዳና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ መደቡን ይዞ የሚሄደው ቀለም ከ100 የእጅና የእግር ሜላኖማ 86ቱ ላይ ታይቷል። ጉዳት ከሌላቸው ነጥቦች መካከል ግን 99 በመቶው ላይ አልታየም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው ውስጥ እግሩ ላይ ምንም የማያደርግ ጥቁር ነጥብ አለው፤ ሁሉንም ቆርጦ መመርመር አይቻልም፣ ተረከዝ ላይ የሚቀር ቁስል ደግሞ ቀላል አይደለም። በኋላ አንድ መመሪያ ጨመሩበት። ካደጉ በኋላ የወጣ ነጥብ ሆኖ፣ የጤነኛ ነጥብ መልክ በግልጽ ካልታየበትና ስፋቱ ከ7 ሚሊሜትር ካለፈ ናሙና ይወሰድ አሉ።

ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሌላ ጥናት የነገረኝም ያው ሐኪም ነው። የጃፓናውያን ታማሚዎች ሜላኖማ ውስጥ እግራቸው ላይ የት የት እንደወጣ ካርታ ሠሩለት። በብዛት የተገኘው ተረከዝና ከጣቶቹ ኋላ ያለው የውስጥ እግር ፊተኛ ክፍል ላይ፣ ማለትም ስንቆምና ስንራመድ ክብደታችን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። መሬት የማይነካው መሐለኛው ጎድጓዳ ላይ ብዙም የለም። ይህን ስሰማ ሐሳቤ ወዲያው አገር ቤት ሄደ። ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሚሄድ፣ ሸክም ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሕዝብ ነን። ጥናቱ የተሠራው እኛ ላይ ባይሆንም፣ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ የእኛም ነው።

አማቴ በጊዜ ተደርሶባቸዋል። ነቀርሳው ከላይኛው የቆዳ ሽፋን አልወረደም ነበር። ትልቁ ሆስፒታል ቆርጦ አወጣው፣ ከሌላ ቦታ ቆዳ ወስዶ ሸፈነላቸው። አሁን ቀስ እያሉ ይራመዳሉ። ቢዘገይ ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምጽፍላችሁ። አዎ፣ መድኃኒት አለ። የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ታሱኩ ሆንጆ በ2018 እ.ኤ.አ. ኖቤል ያስሸለማቸው ግኝት ኒቮሉማብ የሚባለውን መድኃኒት አስገኝቷል፤ ለሜላኖማ ቀድማ የፈቀደችውም ጃፓን ናት፣ በ2014 እ.ኤ.አ.። ነገር ግን የእጅና የእግር ሜላኖማ ፀሐይ ካመጣው ሜላኖማ ባነሰ ሁኔታ ነው ለዚህ መድኃኒት የሚበገረው። ዋጋውንማ ተዉት። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ሳይሰራጭ ማየት ነው፤ ለማየት ደግሞ ብርሃንና ዓይን ይበቃል።

እባካችሁ ለአንባቢ ይህን ንገሩልኝ። እግር ስትታጠቡ ገልብጣችሁ እዩት፤ በጣቶቹ መካከልም እዩ። እናት አባታችሁ ጎንበስ ማለት ካቃታቸው እናንተ እዩላቸው። ከልጅነት ጀምሮ ያለ፣ ማርያም የሳመችው የምንለው ነጥብ መልኩን ካልቀየረ አያስደነግጥም። አዲስ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ ወይም የማይድን ቁስል የሆነ ግን የቆዳ ሐኪም ይየው። ጥፍር ላይ ጥቁር መስመር መውጣቱ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ ወጥቶ እየሰፋ ከሄደ፣ ወይም ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ቆዳውን ከያዘ ግን መታየት አለበት። ኪንታሮት ነው፣ እሾህ ነው እያሉ በምላጭ መቁረጥና በአሲድ ማቃጠል ይቅር። ላይኛው ይጠፋል፣ ስሩ ይቀራል፣ ሐኪሙም የሚያየው ምልክት ያጣል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለሚቀጥለው ዝግጅታችሁ የአለርት ሆስፒታል የቆዳ ሐኪሞችን አነጋግሩልን። ውስጥ እግሩ ላይ ሜላኖማ ያለበት ሰው ሲመጣላቸው ነቀርሳው ምን ያህል ሄዶ እንደሚያገኙት ጠይቁልን። ደርሞስኮፕ ከአዲስ አበባ ውጭ የት የት እንዳለም ጠይቁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የአማቴን ተረከዝ ሁለት ፎቶ ልኬያለሁ፤ አንዱ በስልክ የተነሳ ነው፣ ሌላው ክሊኒኩ የሰጠን ነው። ማተም እንደምትችሉ ራሳቸው ፈቅደዋል። ብቻ በቀለም አትሙት። በጥቁርና ነጭ ከወጣ ቡናማው ከጥቁሩ አይለይም።

አክባሪያችሁ
አንባቢያችሁ፣ ከማትሱሞቶ፣ ጃፓን