ኒጀር ከኢኮዋስ ወጣች እንጂ ከሴፋ ፍራንክ አልወጣችም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ኒጀር፣ ማሊና ቡርኪና ፋሶ ከኢኮዋስ (ከምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ) ስለመውጣታቸው ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ አነበብኩት። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ አገሮቹ ከጎረቤቶቻቸው «የጋራ ገበያና የጋራ ገንዘብ» ተነጥለው እንደወጡ ተጽፏል። ስህተት ነው። እንደ ፊደል ግድፈት የሚታለፍ ስህተትም አይደለም፤ የነገሩን ትርጉም ገልብጦታል።

ሦስቱም ዛሬም የሚገበያዩት በሴፋ ፍራንክ ነው። ስምንት አገሮች ያሉበትን የምዕራብ አፍሪካ የኢኮኖሚና የገንዘብ ኅብረት አልለቀቁም። ገንዘባቸውን የሚያወጣው ዋና መሥሪያ ቤቱ ዳካር ያለው የጋራ ማዕከላዊ ባንክ ነው። ከሴኔጋል፣ ከአይቮሪ ኮስት፣ ከቤኒንና ከቶጎ ጋር አንድ ገንዘብ በኪሳቸው ይዘው ነው ከኢኮዋስ የወጡት። እንግዲህ ከአንዱ ማኅበር ወጥተው በሌላው ለምን ቆዩ? ዘገባው መጠየቅ የነበረበት ይህንን ነበር።

ዘጋቢያችሁ ግን ሩሲያ መከረቻቸው ብሎ በሁለት መስመር ዘጋው። ሩሲያ እጇ የለበትም አልልም። ማሊ ውስጥ የሩሲያው ቅጥረኛ ጦር ዋግነር እስከ 2025 ለዓመታት ቆይቷል። ነገር ግን አንድ አገር የ50 ዓመት ማኅበሩን የሚተወው ሞስኮ ስላለች ብቻ ነው ብሎ ማመን፣ አፍሪካውያንን ሐሳብ እንደሌላቸው መቁጠር ነው። አፍሪካ ኅብረት ባለበት ከተማ እንዲህ ተብሎ መጻፉ ያሳዝናል።

የሆነውን ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 2023 ኒጀር ውስጥ ወታደሮች ፕሬዚዳንት ባዙምን አሰሩ። በአራተኛው ቀን ኢኮዋስ አቡጃ ላይ ተሰብስቦ የአንድ ሳምንት ቀነ ገደብ ሰጠ፤ ኃይል እስከመጠቀም እንደሚደርስም አስጠነቀቀ። ድንበር ተዘጋ። ማዕከላዊ ባንኩ ውስጥ ያለው የኒጀር ሒሳብ ታገደ። ናይጄሪያ መብራት ቆረጠች፤ ኒጀር ከምትጠቀመው መብራት 70 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከዚያ ነበር። ማላንቪል ላይ፣ ቤኒንን ከኒጀር ከሚያገናኘው ድልድይ ወዲያ፣ የጭነት መኪና ተሰልፎ ቀረ። የኒጀር ዋናው ወደብ የቤኒኑ ኮቶኑ ነበር። እዚያ መድረስ ያልቻለ ነጋዴ በቶጎና በቡርኪና ፋሶ ዞሮ፣ ታጣቂ ባለበት መንገድ፣ በወታደር አጀብ ማስጫን ነበረበት።

ይህንን ሳነብ ስለ ሩቅ አገር የማነብ አልመሰለኝም። እኔ ትራንዚተር ነኝ። ቢሮዬ ለገሃር አጠገብ ነው። የአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ነው የሚያልፈው። ወደብ የሌለው አገር ነጋዴ መንገድ ሲዘጋበት ምን እንደሚሆን እኛ ነን የምናውቀው። ዘጋቢያችሁ አምባሳደር አናገረ፣ ተንታኝ አናገረ። ከእኛ መካከል አንድ ሰው አልጠየቀም። እኛ በጋዜጣችሁ የምንነሳው ዕቃ ሲወደድ፣ ጥፋተኛ ሲፈለግ ብቻ ነው። ይህ ያንገበግበኛል።

በ1990 ዓ.ም. ገና ወጣት ሳለሁ አንድ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ያን ጊዜ ዕቃችን የሚገባው በአሰብ ነበር። በዚያው ዓመት፣ እስከዚያ በብር ትጠቀም የነበረችው ኤርትራ የራሷን ገንዘብ ናቅፋን አወጣች። የእኛ መንግሥት ከኤርትራ ጋር የሚደረግ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ንግድ በኤልሲ (በባንክ የክፍያ ዋስትና)፣ በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለ። ትናንት በብር ይገበያይ የነበረ ሰው ዶላር ፍለጋ ባንክ ለባንክ መንከራተት ጀመረ። ግንቦት ላይ ጦርነቱ መጣ፣ አሰብ ተዘጋ። የደንበኞቻችን ዕቃ እዚያው ቀረ። ሰነዱ እጃችን ላይ ነው፣ ዕቃው የለም። አንዳንዶቹ ነጋዴዎች ከዚያ በኋላ አላንሰራሩም። የጋራ ገንዘብ መፍረስ ምን እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ሌላው አገር ያላደረገውን አደረገ ተብሎ ሲጻፍ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የጋራው ባንክም እኮ የኒጀርን ገንዘብ አግዷል የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው፤ ኒጀር ዕዳዋን በጊዜው መክፈል ያቃታትም በዚህ ነው። ያም ሆኖ ከገንዘቡ አልወጣችም። ሴፋ በ1 ዩሮ 655.957 ተመን ታስሯል። ያንን ትቶ የራስን ገንዘብ ማውጣት የምንዛሪ ክምችት ይፈልጋል፣ የነጋዴ አመኔታ ይፈልጋል። ከኢኮዋስ መውጣት ግን በቴሌቪዥን መግለጫ ይጀመራል። ጃንዋሪ 28 ቀን 2024 ያደረጉትም ይኸው ነው። መውጣታቸው የጸናው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ነበር። ማዕቀቡ አብዛኛው የተነሳው ፌብሩዋሪ 2024 ነው፣ መግለጫው ከወጣ በኋላ። ዘግይቷል።

ወታደሮቹን ንጹሕ ናቸው እያልኩ አይደለም። ምርጫ አስረዝመዋል፣ ሰው አስረዋል። የኒጀሩ ጄኔራል ቲያኒ በ2025 ለአምስት ዓመት ቃለ መሐላ ፈጽመዋል። ሥልጣን ላይ ለመቆየት ከኢኮዋስ ውጭ መሆኑ እንደሚመቻቸው ግልጽ ነው። ግን ሕዝቡ ለምን አጨበጨበላቸው? ጊኒ ውስጥ አልፋ ኮንዴ፣ አይቮሪ ኮስት ውስጥ ኡዋታራ እ.ኤ.አ. በ2020 ለሦስተኛ የሥልጣን ዘመን ሲወዳደሩ ኢኮዋስ ድንበር አልዘጋም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ማሊ በታጣቂዎች ስትታመስ ማኅበሩ መንደሮቹን አላዳነም። ድንበር ለመዝጋት ግን ቀናት በቂ ነበሩ። የኒጀርን የጋልሚ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ደቡብ የሚወርድ ገበሬ መፈንቅለ መንግሥት አላደረገም፤ የተቀጣው ግን እሱ ነው።

መውጣቱም ዋጋ አለው። በማርች 2025 ሦስቱ አገሮች ከእነሱ ውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ የ0.5 በመቶ ቀረጥ ጥለዋል። ያንን የሚከፍለው ኮቶኑ ወይም የቶጎ ወደብ ሎሜ ላይ ዕቃ የሚያወጣው ነጋዴ ነው፣ በመጨረሻም ሸማቹ። ይህም በዘገባችሁ የለም።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ስለ ሴፋ ፍራንክ የጻፋችሁትን፣ ስህተቱ በወጣበት ገጽ ላይ በግልጽ አርሙ። ቀጣዩን ዘገባ ስትሠሩ ደግሞ ለገሃርም መርካቶም ውረዱና ዕቃ የሚያስገቡትን አናግሩ። እኔን ካልፈለጋችሁ ሌሎች ብዙ አሉ።

አንድ ትራንዚተር፣ ከለገሃር፣ አዲስ አበባ