ሳልጠይቅህ ስምህን ጻፍኩት

ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በለኝ። ደውለህልኝ ያላነሳሁባቸውን ቀናት አልረሳኋቸውም። እሱን ስንገናኝ ትወቅሰኛለህ። አሁን የምጽፍልህ ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነው።

የብረት ፋብሪካው ሊሰፋ ነው። የምሬን ነው! ሁለተኛ እቶን ይተከላል፣ ከጎኑ ደግሞ አዲስ የፌሮ መስመር። ያ የስክራፕ፣ የውዳቂ ብረቱ፣ ክምር የነበረበት ሜዳ፣ ከሌሊት ፈረቃ ስትወጣ ቁጭ ብለህ ጫማህን የምታራግፍበት፣ መሠረቱ ተቆፍሮ አልቋል። ባለፈው ሳምንት ኃላፊው ጠራኝና "እቶን የሚያውቁ ሰዎች ስም ስጠን" አለኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት ያንተን ነው። ሳልጠይቅህ። ከፈለግክ ተቆጣ፣ ቁጣህም ናፍቆኛል።

ለምን አንተን? እቶኑ ብረቱን በ1600 ዲግሪ አካባቢ እንደሚያቀልጥ ማንም አንብቦ ያውቃል። ብረቱን በኤሌክትሪክ የሚያቀልጡት ዘንጎች፣ ኤሌክትሮዶቹ፣ ሲጮሁ ቆይተው ቅልጡ ላይ የሚነሳው አረፋ ሲሸፍናቸው ድምፁ እንዴት እንደሚረግብ ግን በጆሮ ነው የሚታወቀው፣ እኔም ያወቅኩት ካንተ ነው። ያቺ ሌሊትስ! አፉ የተዘጋ ሲሊንደር የስክራፕ ቅርጫቱ ውስጥ አይተህ "አቁም!" ብለህ ባትጮህ፣ ቅልጡ ላይ ወድቆ ቢፈነዳ፣ ዛሬ ይህን የሚጽፍልህ ሰው አይኖርም ነበር።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በየቀኑ በሩ ላይ ወጣቶች ማስረጃቸውን ይዘው ይቆማሉ። ፋብሪካ ሰፋ ማለት ሥራ ተገኘ ማለት ነው ብለው ነው የሚመጡት። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን አዲሱን የፌሮ መስመር የሚያንቀሳቅሱት ስክሪን ፊት የሚቀመጡ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ኦስትሪያ ውስጥ ዶናዊትዝ የሚባል ቦታ ያለ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ዜና ሆኖ ነበር፤ በዓመት 500,000 ቶን የብረት ሽቦ በ14 ሰው። በ1960ዎቹ ቢሆን እስከ 1,000 ሰው ይፈልግ ነበር ተባለ። ያንን ካነበብኩ በኋላ በዚያ በር ማለፍ ከበደኝ።

ደግሞ ተስፋ የሚሰጠኝ ነገር አለ። እቶን አይተኛም። አንድ ቦታ ማለት በሦስት ፈረቃ ሦስት ሰው ነው፣ የእረፍት ተተኪ ሲጨመር አራት። ከዚያ ውጭ ስክራፕ ሰብሳቢው፣ ለቃሚው፣ የክሬን ኦፕሬተሩ፣ የእሳት ጡብ የሚደረድረው፣ በያጁ፣ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ሹፌሩ አለ። የዓለም ብረት ማኅበር ያስጠናው ጥናት፣ ከ2 የብረት ፋብሪካ ሥራዎች ጀርባ በአቅርቦቱ መስመር ሌሎች 13 አሉ ይላል። ሥራው ከማሽኑ ፊት ወደ ዙሪያው እየሄደ ነው። ችግሩ፣ ማስታወቂያው ላይ "ልምድ ያለው" ብለው ጻፉበት። ልጆቹ ልምዱን ከየት ያምጡት? እኛስ ስንገባ ምን እናውቅ ነበር?

ይህንኑ ለኃላፊው ነገርኩት። ለአንድ ልምድ ላለው ሰው ሁለት ጀማሪ አብረን እንቅጠር አልኩት። "ማን ያሠለጥናቸዋል?" አለኝ። "አንድ ሰው አለ" አልኩት። እንግዲህ ያ ሰው አንተ ነህ።

አሁን ደግሞ... ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። በዚያ የሠራተኛ ቅነሳ ጊዜ ስምህ ዝርዝሩ ላይ እንዳለ ካንተ ቀድሜ አውቄ ነበር። ሁለት ቀን ቀድሜ። አብረን በላን፣ አብረን ፈረቃ ገባን፣ አልነገርኩህም። ብናገር የኔም ስም ይገባል ብዬ ፈራሁ። ስልክህን ያላነሳሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፣ በዚህ ነው።

ይህን ሰምተህ አልመጣም ብትል አልፈርድብህም። ስምህን እሰርዘዋለሁ። ግን ብትመጣ ልጆቹን የምታስተምረው እኔን እንዳስተማርከኝ አድርገህ ነው፣ እየጮህክ፣ ክንዳቸውን እየጎተትክ። ዝርዝሩን የማስገባው አርብ ነው። እስከዚያ በፈለግከው ሰዓት ደውል፣ ሌሊትም ቢሆን።

አነሳለሁ።