በእንቅልፍ ሰዓት ኑልን

በአዲስ አበባ ለሕፃናት ማቆያዎች ፈቃድ ለምትሰጡና ለምትቆጣጠሩ ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፍላችሁ ለስድስት ዓመታት ሞግዚት ሆኜ በሠራሁባቸው ሁለት ማቆያዎች ያየሁትን ይዤ ነው። አንደኛው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ነበር፤ ሁለተኛው ሰፊ ግቢ ያለው ቪላ። ስማቸውን አልጠራም፤ ማንንም ለማስከሰስ አልተነሣሁም። ሥራውን ከተውኩ ቆይቷል። አሁን የራሴን ልጅ የማስውልበት ቦታ እየፈለግሁ ነው። ድሮ ከውስጥ ሆኜ የምከፍተውን ዓይነት በር ዛሬ ከውጭ ቆሜ ሳንኳኳ፣ ምን ብዬ እንደምጠይቅ አውቃለሁ፤ ምን ብለው እንደሚመልሱልኝም አውቃለሁ። እንቅልፍ የነሣኝ ሁለተኛው ነው።

ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ ምን እንደሚደረግ ልንገራችሁ። እኔ በሠራሁባቸው ቤቶች መምጣታቸው አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። በዋዜማው ወለሉ በበረኪና ይታጠባል፣ መጋረጃው ይቀየራል፣ ዓመቱን ሙሉ ቁም ሣጥን አናት ላይ የሚቀመጡት አሻንጉሊቶች ይወርዳሉ። የአሠሪዬ የእህት ልጅ ለዚያ ቀን ብቻ ጋውን ለብሳ ሞግዚት ትሆናለች። እንግዶቹ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ልጆቹ ቁርሳቸውን በልተው፣ ፊታቸው ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብተው በአንድ ድምፅ ይዘምራሉ። የግድግዳው ሥዕል ይደነቃል፣ መጸዳጃ ቤቱ ይታያል፣ ቅጹ ይሞላል፣ ሻይ ይጠጣል። ክፉ ነገር የለውም። ነገር ግን በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ልጅ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አደጋ ሲደርስበት አላየሁም።

ክፉው ሰዓት ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ነው። ልጆቹ ምሳ በልተው ይተኛሉ፤ ያን ጊዜ የአዋቂው ሥራ ይጀምራል። አንዷ ምሳዋን ትበላለች፣ አንዷ ጡጦ ታጥባለች፣ አንዷ የተበላሸ አንሶላ ይዛ ወደ ሰገነት ትወጣለች፣ ጀበና ይጣዳል። አሥራ አራት ልጆች የተኙበት ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት ትቀራለች። እሷም ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ ሁለት ታክሲ ቀይራ የመጣች ናትና ግድግዳውን ተደግፋ ታንቀላፋለች። አልፈርድባትም፤ እኔው ነበርኩ።

ከእነዚያ ቀናት በአንዱ የሆነውን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ውሃ በፈረቃ ስለነበር መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ሁልጊዜ የተሞሉ ባልዲዎች ነበሩ። የአሥራ ሦስት ወር ልጅ ነው፤ ገና ግድግዳ እየያዘ መቆም የጀመረ። ከእንቅልፉ ነቅቶ ሳያለቅስ ወጣ። እኔ ሌላ ልጅ ዳይፐር እየቀየርኩ ነበር። ልብስ ልታጥብ የገባችው ሴት ስትጮህ ደረስኩ፤ ከባልዲው በላይ የሚታየው እግሩ ብቻ ነበር። አወጣነው፣ ሳለ፣ አስመለሰው፣ አለቀሰ። የልጅ ለቅሶ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ማታ እናቱ ስትመጣ “ትንሽ ጉንፋን ይዞታል መሰለኝ” ተባለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ። ብናገር በማግስቱ ሥራ አልነበረኝም፤ ዝም ማለቴ ግን በዚህ ብቻ አይሰረይም።

በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ጭንቅላቱ ከቀረው ሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው። ባልዲ ውስጥ ጎንበስ ሲል ይገለበጣል፤ ራሱን መልሶ ለማውጣት ክንዱ አቅም የለውም። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይበቃዋል። ድምፅም አያሰማም፤ ሰው ሲሰምጥ ይንቦጫረቃል የሚባለው ለሕፃን አይሠራም። መድኃኒቱ የባልዲ ክዳንና የመታጠቢያ ክፍሉ በር መቀርቀሪያ ነው። በቅጻችሁ ላይ ግን “የመጫወቻ ስፋት በካሬ ሜትር” የሚል እንጂ ስለ ባልዲ የሚጠይቅ መስመር አላየሁም።

ስለ ቡናውም ልናገር፤ ቡና ጠሉ ናት እንዳትሉኝ እንጂ። ዝናብ ሲሆን ከሰሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ልጆቹ እንዳይበርዳቸው መስኮት ይዘጋል። ጭሱ ካለቀ በኋላ የቀላው ፍም ምንም የማያደርግ ይመስላል፤ ዋናው መርዝ ግን መልክም ሽታም የለውም። ካርቦን ሞኖክሳይድ በየክረምቱ በተዘጋ ቤት ከሰል አስገብተው የተኙ ጎልማሶችን እንደሚገድል ሁላችንም ሰምተናል፤ ትንሽ ሳንባ ያለው፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ጨቅላ ደግሞ ከእኛ ቀድሞ ይጎዳል። ልጁ የደከመው መስሎን “ዛሬስ ጥሩ ተኛ” እንላለን።

አተኛኘቱም እንደዚሁ ነው። ጨቅላውን በሆዱ ማስተኛት እንቅልፉን ያረዝመዋል፤ ስለዚህ ሞግዚት ትወደዋለች። ፊቱን በነጠላ መሸፈንም ከእናቶቻችን የወረስነው ነው፤ ከብርድም ከዓይንም ይጠብቀዋል ይባላል። አሜሪካ ውስጥ በ1994 እ.ኤ.አ. ሕፃናትን በጀርባቸው አስተኙ የሚል አገር አቀፍ ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ተኝተው ሳሉ በድንገት የሚሞቱ ጨቅላዎች ቁጥር በግማሽ ገደማ ወርዷል። ጠንካራ ፍራሽ፣ ባዶ አልጋ፣ ጀርባ፣ ክፍት ፊት። አንድ ብር አያስወጣም። ይህን ማን እንደሚያደርግ ማወቅ የምትችሉት ግን ልጆቹ ተኝተው ስታዩአቸው ብቻ ነው።

በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ መቀመጡን፣ ምራቁን እያዝረበረበ ጥርስ ለሚያወጣ ልጅ ዝም እንዲል ቆሎ በእጁ መሰጠቱን፣ ሲታነቅም በእግሩ ተዘቅዝቆ ውሃ በላዩ ላይ መፍሰሱን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ቆሎ፣ ለውዝና ፈንዲሻ ለትንንሽ ልጆች የአየር ቧንቧ ትክክለኛ ልክ ናቸው፤ ለክፉ የተሰፉ ያህል። ዓመት ያልሞላውን ሕፃን በክንድ ላይ ደፍቶ በትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ መምታት፣ ካልወጣ ገልብጦ ደረቱን አምስት ጊዜ መጫን በአንድ ከሰዓት የሚማሩት ነገር ነው። ቀይ መስቀል የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። እኔ የተማርኩት ሥራውን ከለቀቅኩ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጤናው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ሕጋችንና የልጅ ሰውነት አይተዋወቁም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ይሰጣል። በሳምንት ስድስት ቀን ለምትሠራ ሴት ይህ 15 ሳምንት ነው። ማለትም ልጁ ሦስት ወር ተኩል ሲሆነው ወደ እኛ ይመጣል። የ6ኛ፣ የ10ኛና የ14ኛ ሳምንት ክትባቱን ገና መጨረሱ ነው። የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት የሚያገኘው ግን 9 ወር ሲሞላው፣ ሁለተኛውን በ15 ወሩ ነው። ወደ እኛ ከመጣበት ቀን እስከ መጀመሪያው የኩፍኝ ክትባቱ ከአምስት ወር በላይ አለ። ያን ሁሉ ጊዜ የሚጠብቀው የራሱ ክንድ ሳይሆን አጠገቡ ያሉት የትልልቆቹ ልጆች ክትባት ነው። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ተዋሲው እስከ ሁለት ሰዓት አየሩ ላይ ይቆያል፤ መከላከያ ከሌላቸው አሥር ሰዎች ዘጠኙን ይይዛል። ታዲያ በምዝገባ ቀን የክፍያ ደረሰኝ ከመጠየቅ በፊት የክትባት ካርድ የማይጠየቅበት ማቆያ ምን ይባላል? በሁለቱም ቤቶች ካርዱን ጠይቄ “ደንበኛ ታባርሪያለሽ” ተብያለሁ።

ጡቱም አለ። ስድስት ወር ጡት ብቻ ይጥባ የሚለውን ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ሁላችንም አንብበናል። ልጁ በሦስት ወር ተኩሉ ማቆያ ከገባ ቀሪውን ሁለት ወር ተኩል እንዴት ይጥባ? እናቲቱ ጡቷን አልባ በጡጦ ታመጣለች። በክፍል ሙቀት ከአራት ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል፣ መብራት ይጠፋል። ስለዚህ “የታለበ ጡት አንቀበልም፣ የቆርቆሮ ወተት አምጪ” ትባላለች። ከዚያ የሚቀጥለውን እኔ አውቀዋለሁ፦ በደንብ ያልተቀቀለ ጡጦ፣ ዳይፐር ቀይሮ በውሃ ብቻ የታጠበ እጅ፣ ተቅማጥ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸው የሚያጠቡበትና ልጆቻቸውን የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 አዝዞ ነበር። ደረጃ ወርዳ አጥብታ የምትመለስ እናት ካለች ከላይ የዘረዘርኩት ግማሹ ጣጣ አይኖርም። የሱቅ ሠራተኛዋ፣ የፋብሪካዋ፣ የጉሊቷ እናት ግን እኛ ዘንድ ነው የምትመጣው።

ስለ ጉሊቷ እናት ከተነሣ፣ አንድ ነገር ስጋት ላይ ይጥለኛል። ይህን ደብዳቤ ያነበበ ኃላፊ ተቆጥቶ በየሰፈሩ ያለ ፈቃድ አምስት ስድስት ልጅ የሚያውሉትን ሴቶች ሊዘጋ ይነሣ ይሆናል። እባካችሁ እንዳታደርጉት። እነሱ ሲዘጉ ልጁ ቪላ ቤት አይገባም፤ ወይ የስምንት ዓመት እህቱ ከትምህርት ቤት ትቀርለታለች፣ ወይ በር ተቆልፎበት ይውላል፣ ወይ እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የመንገድ አቧራና የበቆሎ ጥብስ ጭስ ይጠጣል። ግቢ፣ ሦስት ክፍልና የሠለጠነ ነርስ ጠይቃችሁ ከምታስፈሯቸው፣ ክዳን ያለው ባልዲ፣ የመድኃኒት መደርደሪያና የሁለት ቀን ሥልጠና ሰጥታችሁ መዝግቧቸው። ካየኋቸው ሁለት ማቆያዎች መካከል ልጅ ይበልጥ የሚታቀፈው ባለ ግቢው ውስጥ አልነበረም።

የማይቀለውን አልደብቅም፤ እጅ ነው። አንዲት ሴት ሁለት ጨቅላ ታቅፋ ደረጃ መውረድ ትችላለች፣ ሦስተኛውን አትችልም። ቤቱ ቢቃጠል የሚቀሩትን ማን ያወጣቸዋል? እንግሊዝ አገር ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ሦስት ልጆች አንድ ተንከባካቢ ግድ ነው። በእኛ ኪራይ፣ ወላጅ በሚችለው ክፍያ ይህን በአንድ ሌሊት አምጡ አልልም። ግን ቁጥሩ ይታወቅ። ስንት ጨቅላ፣ ስንት እጅ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ተብሎ የቆጠራችሁትን ወረቀት በሩ ላይ ለጥፉልን። ወላጅ የግድግዳ ሥዕል አይቶ ከሚመርጥ እሱን አንብቦ ይምረጥ። ካሜራ አስገብተናል የሚሉኝ አሉ፤ ካሜራ የሆነውን ያሳያል እንጂ ልጅ ከባልዲ አያወጣም።

ሁለተኛው ልመናዬ ከዝምታዬ የመጣ ነው። እያንዳንዱ ማቆያ አንድ የአደጋ መዝገብ ይኑረው። ወደቀ፣ ተቃጠለ፣ ታነቀ፣ ነከሰው፣ ሰዓቱ ስንት ነበር፣ ማን ነበረች፣ ወላጅ ማታ አንብቦ ይፈርምበት። በመዝገቡ ላይ በተጻፈው ማቆያውን አትቅጡት፤ ልጁ ጭን ላይ ያለው ቁስል መዝገቡ ውስጥ ሳይገኝ ሲቀር ቅጡት። ቁንጥጫም እዚያ ይገባል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በሚንከባከቧቸው ተቋማት ውስጥ አካላዊ ቅጣት እንዳይደርስባቸው ይከለክላል፤ ቁንጥጫን ግን ማንም ቅጣት ብሎ አይቆጥረውም፣ ልብስ ስለሚሸፍነው። ሞግዚቷም ያየችውን በመጻፏ ከሥራ እንደማትባረር አንድ መስመር ጨምሩበት። እንዲህ ያለ መዝገብ ቢኖር ኖሮ የዚያ ልጅ እናት ሐኪም ዘንድ ወስዳ ሳንባውን ታሳየው ነበር። አሁን ትምህርት ቤት ገብቶ ይሆናል። ደኅና እንደሆነ አምናለሁ፤ ግን አላውቅም።

ስለዚህ ሳትደውሉ፣ ከሰባት ሰዓት ተኩል በኋላ ኑ። አዳራሹን ተዉት፤ ቀጥታ ወደ መኝታ ክፍሉ ግቡ። ፊታቸው የተሸፈነውን ቁጠሩ፣ ትንፋሻቸውን ስሙ፣ ከሰሉ የት እንደተቀመጠ ጠይቁ፣ የመታጠቢያ ክፍሉን በር ግፉት። የምታንቀላፋዋን ሴት አትቆጧት፤ ስንት ልጅ እንደያዘች ጠይቋት፣ እውነቱን ትነግራችኋለች። ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ጫማችሁንም በር ላይ አውልቁ፤ በዚያ ወለል ላይ እጃቸውን አፋቸው ውስጥ እየከተቱ የሚድሁ ልጆች አሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የቀድሞ ሞግዚት
አዲስ አበባ