ከመሐል ገበያ ወደ መንገድ ዳር የምንዛወርበትን ምክንያት ስለ መግለጽ

ለክቡራን ደንበኞቻችን በሙሉ፤

የወፍጮና የውኃ ፓምፕ መለዋወጫ የሚያቀርበው ድርጅታችን፣ በደብረ ማርቆስ ከገበያው አጠገብ የነበረውን ዋና መደብር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ዳር ወደሚገኝ ሰፊ ግቢ ያዛውራል። ዝውውሩን የሰሙ አንዳንድ ደንበኞች «ሥራው ቀዝቅዞባቸው ይሆን?» ብለው ስለ ጠየቁ ምክንያቱን ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

አዲስ ነጋዴ ቦታ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ አማርጦ ሳይሆን ኪራዩ የሚቀመስ ቤት፣ በተለይም ዘመድ ወይም ዋስ የሚሆነው ሰው ባለበት ሰፈር ሲያገኝ ነው። ጥቂት ሲጠነክር ደግሞ ስሙ እስኪታወቅ የሰው እግር የሚበዛበትን ይሻል። እኛም በገበያ ቀን ጤፉን ሸጦ የሚመለሰው ገበሬ በዚያው ችንጋ (የማሽን ቀበቶ) እና ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ይገዛን ስለ ነበር፣ ለጠባብ ሱቅ ውድ ኪራይ መክፈሉ ያዋጣን ነበር።

ዛሬ ግን ከቢቸና፣ ከሞጣና ከፍኖተ ሰላም የሚገዙን የወፍጮ ቤት ባለቤቶች በስልክ ያዛሉ፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህም ብዙዎቹ ካሉበት ሆነው ስለሚከፍሉ፣ ከእኛ የሚጠበቀው ዕቃውን ፈጥኖ መጫን ብቻ ሆኗል። አይሱዙ በማይገባበት መንገድ የወፍጮ ድንጋይ በጋሪ እያወጡ መጫን ደግሞ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ለቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ሥራችን የሚያስፈልገው የሦስት ፌዝ መብራትም በአሮጌው ሱቅ አልነበረም።

የቦታ ስሌት እንደየሥራው ይለያያል። ቅባት እህል ሲጨመቅ ብዙው ክብደት ፋጉሎ ሆኖ ስለሚቀር፣ ዘይት አምራች ወደ እህሉ ቢጠጋ የማጓጓዣ ወጪ ይቀንስለታል፤ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ የተሠራባት ቡሬም እህል አምራች አካባቢ ከመሆኗ በላይ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ መገንጠያ ናት። ዳቦ ቤት ግን ምንም ቢያድግ ከበላተኛው መራቅ አይችልም።

ዝውውሩ በእግር ለሚመጡ የገጠር ደንበኞቻችን እንደማይመች እናውቃለን። ስለዚህ አሮጌው ሱቅ አይዘጋም፤ ችንጋ፣ ኩሽኔታና ሌሎች በእጅ የሚያዙ ዕቃዎች እዚያው በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ። ፓምፕ፣ ሞተርና የወፍጮ ድንጋይ ከአዲሱ ግቢ ይጫናሉ። ቀብድ የከፈላችሁ ደንበኞች ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ከሁለቱ በአንዱ ልትስተናገዱ ትችላላችሁ፤ ስልካችንም አልተቀየረም።

ከሰላምታ ጋር
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ማርቆስ