ልጁ አድጎ እንዲመርጥ መጀመሪያ ይመዝገብ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አንድ ወላጃቸው ጃፓናዊ ስለሆኑ ልጆች ያወጣችሁት ጽሑፍ «ማንነቱን አድጎ ራሱ ይመርጣል» ይላል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ግን ልጁ አፉን ሳይፈታ ምርጫው ሊያልፈው ይችላል።

ከጃፓን ውጭ ተወልዶ በውልደቱ የሌላ አገር ዜግነትም ያገኘ ልጅ በ3 ወር ውስጥ ካልተመዘገበ የጃፓን ዜግነቱን ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ያጣል። ሳኦ ፓውሎም ይወለድ አዲስ አበባ ሕጉ ያው ነው። ቆጠራው የልደቱን ቀን ይጨምራል፤ ኦክቶበር 23 ለተወለደ የመጨረሻው ቀን ጃንዋሪ 22 ነው። የልደት ማስታወቂያ ቅጹ ላይ ዜግነቱን ለማስጠበቅ የሚፈረምበት ለብቻው የተመደበ ቦታ አለ፤ እሱ እንዳይዘለል። የልደት ሰርተፍኬቱን ወደ ጃፓንኛ ወላጅ ራሱ ቢተረጉመው ይበቃል። ብዙ ጊዜ ቀኑ የሚያልፈው ሰርተፍኬት ሲጠበቅ ስለሆነ፣ ከመውለጃው ወር በፊት ኤምባሲውን ጠይቆ ወረቀቱን ማወቅ ይሻላል።

ቀኑ ካለፈ ዜግነቱ የሚመለሰው ልጁ 18 ሳይሞላው ጃፓን ውስጥ ሲኖር ነው። ከፊሊፒናውያን እናቶች የተወለዱ ልጆች ተከራክረው የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ሕጉን አጽንቶታል። ወላጅ በዘገየ ልጅ መቀጣቱ ፍትሕ አይመስለንም።

በጊዜው የተመዘገበ ልጅ ምርጫውን እስከ 20 ዓመቱ ያሳውቃል። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን ለአካለ መጠን በደረሰ በ1 ዓመት ውስጥ ምርጫውን ስለሚጠይቅ የእሱ ቀነ ገደብ ይቀድማል።

ስሙም የራሱ ጣጣ አለው። ኮሴኪ የሚባለው የቤተሰብ መዝገብ የሚቀበለው የቤተሰብ ስምና የራስ ስም ብቻ ነው። የእናቷ ቤተሰብ ታናካ፣ አባቷ ተስፋዬ የሆነች ሐና፣ በጃፓን «ታናካ ሐና»፣ እዚህ «ሐና ተስፋዬ» ናት። የአባት ስም እንዳይቀር ብለው ከራስ ስም ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ ያኔ መዝገቡ ላይ «ሐናተስፋዬ» አንድ ስም ይሆናል፣ መምህሯም በዚያው ይጠራታል። ከዚህ ይልቅ የጃፓን ፓስፖርት ሲወጣ ሰርተፍኬቱን አያይዞ ሌላኛው ስም በቅንፍ እንዲገባ መጠየቅ ይቻላል። በቅንፍ ያለው ግን የፓስፖርቱን መረጃ የሚይዘው ቺፕ ውስጥ አይገባም፤ በዚያ ፓስፖርት ስትጓዝ ቲኬቷ በታናካ ይቆረጥ።